ወደ ክሊኒክ ያልመጡትስ? «የአእምሮ ጤናን ለሐኪም ተዉት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የአእምሮ ጤናን ለሐኪም ተዉት» የሚል ጽሑፍ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ዩኒቨርሲቲዎች በሶሻል ወርክ (ማኅበራዊ ሥራ) ትምህርት ክፍሎቻቸው በኩል በማኅበረሰብ የአእምሮ ጤናና በፍትሐዊነት ላይ የሚያካሂዱት ጥናት ገንዘብ ማባከን ነው ይላል። ምክንያቶቹ ስድስት ናቸው፦ የአእምሮ ሕመም የአንጎል ሕመም ስለሆነ ሶሻል ወርክን አይመለከተውም፤ ሰው ማነጋገር ሳይንስ አይደለም፤ ፍትሐዊነት የፖለቲካ እንጂ የጥናት ጥያቄ አይደለም፤ የሚጠኑትን ሰዎች አጥኚ ማድረግ ውጤቱን ያበላሻል፤ ገንዘቡ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ቢጨመርበት ይሻላል፤ ደግሞም ጥናቶቹ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀሩት።

በዚህ ሥራ ዕድሜዬን ስላሳለፍኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉ አልጠራጠርም። ከስድስቱ አንዱ እውነት ነው፤ እሱን በቦታው አምናለሁ። የቀሩት አምስቱ ግን የተሳሳቱት በአንድ ምክንያት ይመስለኛል፤ ጸሐፊው የሚያዩት ወደ ክሊኒኩ የገባውን ሰው ብቻ ነው። የእኛ ጥናት የሚጀምረው ካልገባው ሰው ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«አንጎል እንደ ኩላሊት ነው የሚታመመው፤ ኩላሊት ሲታመም ሶሻል ወርከር አንጠራም» ይላሉ። ምሳሌው ራሱ ይመልስላቸዋል። በአሜሪካ ሜዲኬር ከተባለው የመንግሥት የጤና መድን ክፍያ የሚቀበል የኩላሊት እጥበት ማዕከል ሁሉ በሶሻል ወርክ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ባለሙያ በሕክምና ቡድኑ ውስጥ እንዲኖረው ደንቡ ያስገድደዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ለሰዓታት ከማሽን ጋር የሚታሰር ሰው ሥራው፣ ትዳሩና መጓጓዣው ይናጋበታል። እነዚህ ሲናጉ ከቀጠሮው ይቀራል፤ ከቀጠሮው ሲቀር ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ኩላሊት እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ አንጎል ከሰውየው ኑሮ ተነጥሎ ብቻውን እንዴት ይታመማል?

አንጎል አይታመምም ያለ የለም፤ መድኃኒት አያስፈልግም ያለም የለም። እኔ ራሴ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሰዎችን ቤት ለቤት እየፈለግኩ ወደ ሐኪማቸው ስመልስ ነው የኖርኩት። የእኛ ጥያቄ ያ አንጎል በምን ዓይነት ቤት፣ በምን ገቢ፣ በምን ሰላም ውስጥ ነው የሚኖረው የሚል ነው። ይህ ደግሞ በምኞት የሚመለስ አይደለም፤ ተለክቷል።

በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ተራራማ አካባቢ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1993 ጀምሮ የ1,420 ልጆችን የአእምሮ ጤና ይከታተሉ ነበር። ሩብ ያህሉ የቸሮኪ ነባር ሕዝብ ልጆች ናቸው። ጥናቱ እየተካሄደ ሳለ በቸሮኪዎቹ መሬት ላይ ካዚኖ ተከፈተና ከትርፉ ለጎሳው አባላት በየስድስት ወሩ ገንዘብ ይከፈል ጀመር። ገንዘቡ የሕክምና ፕሮግራም አልነበረም፤ ማንም ሰው ለልጆቹ አእምሮ ብሎ አልመደበውም። በ2003 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በዚያ ገንዘብ ከድህነት በወጡ ቤተሰቦች ልጆች ላይ የጠባይ መታወክ ምልክቶች እየቀነሱ ሄደው በአራተኛው ዓመት ድህነት ነክቷቸው ከማያውቁ ልጆች ጋር ተካከሉ። በጭንቀትና በድብርት ላይ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። ለውጡ በየት በኩል መጣ ተብሎ ሲመረመር ጎልቶ የወጣው ወላጆች ልጆቻቸውን መከታተል መቻላቸው ነው። ይህን ጥናት የሠሩት በአብዛኛው ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ሰዎች ናቸው፤ የሶሻል ወርክ ሥራ ነው ብዬ ልወስደው አልፈልግም። ጥያቄው ግን የእኛው ጥያቄ ነው።

ጸሐፊው «የታመመ ሰው ይደኸያል እንጂ ድሃ ስለሆነ አይታመምም» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ይሞክራሉ። በ1992 አሜሪካዊው ተመራማሪ ብሩስ ዶረንዌንድና ባልደረቦቻቸው በእስራኤል ያካሄዱት ጥናት መልሱ እንደ ሕመሙ ዓይነት እንደሚለያይ አሳይቷል። ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ ሚዛኑ የሚያደላው ሕመሙ ሰውየውን ወደ ታች ይስበዋል ወደሚለው ነው። በሴቶች ድብርት ላይ ግን ኑሮው ራሱ ያሳምማል ወደሚለው ያደላል። ስለዚህ ጸሐፊው ስለ አንዱ ሕመም እውነት የሆነውን ነገር ለሁሉም ሰጥተውታል።

አንድ ያየሁትን ልንገር። ድብርትን ለመለየት በብዙ አገር የምንጠቀምበት ፒ.ኤች.ኪው-9 የሚባል መጠይቅ አለ። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል። የሦስት ልጆች እናት ፊት ተቀምጬ ስሞላ እንቅልፍ ላይ ደረስኩ። «እንቅልፍ እምቢ ይልዎታል?» «በየቀኑ።» 3 ላይ አከበብኩ። ወደሚቀጥለው ልሻገር ስል ቀና ብላ በሩን አየችው፤ እኔም ዞሬ አየሁ። መቀርቀሪያው ተነቅሎ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፏል። ሌሊት በሩን በወንበር ታስደግፍና እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ታነጋለች፤ የምታሸልበው ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ነው። መጠይቁ ላይ ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ዳር ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። መቀርቀሪያው ከተሠራ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ስንሞላ የእንቅልፉ ነጥብ 1 ሆነ። የቀሩት ስምንቱ ግን እምብዛም አልተነቃነቁም፤ ሐኪም ዘንድ ሄዳ መድኃኒት ጀመረች። ሁለቱም አስፈልገዋት ነበር። ክሊኒክ ብትሄድ ኖሮ መድኃኒቱን ታገኝ ነበር፤ በሩን ግን ማንም አያይም ነበር። ደግሞም ቤቱን ትታ ክሊኒክ መሄድ ያቃታት በዚሁ በር ምክንያት ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ሰው ማነጋገርን ይመለከታል። «ቃለ መጠይቅ ጋዜጠኝነት ነው፤ ሳይንስ ቁጥር ነው» ይላሉ። የተዝረከረከ ቃለ መጠይቅ እንዳለ አልክድም። አሥር ሰው አነጋግሮ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ እኔም አንብቤያለሁ፤ መልሼም አውቃለሁ። ነገር ግን ቁጥሩ ራሱ ከየት ነው የሚመጣው? መጀመሪያ ሰው ሕመሙን ምን ብሎ እንደሚጠራው ካልታወቀ መጠይቁ በምን ቃል ይጻፋል?

ዚምባብዌ ውስጥ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» የሚል ቃል አለ፤ ሐሳብ ማብዛት፣ መብሰልሰል እንደማለት ነው። ይህን ቃል ወደ ሕክምናው ያስገቡት ሰዎችን አረፍ ብለው ያዳመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1990ዎቹ ሰዎች ጭንቀታቸውን በሚገልጹበት በራሳቸው አነጋገር ላይ ተመሥርቶ 14 ጥያቄ ያለው የሾና መጠይቅ ተዘጋጀ። በ2006 የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ ከ14 አያቶች ጋር ሆነው ሥራ ጀመሩ። አያቶቹ በክሊኒክ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሰው ችግሩን አንድ በአንድ እያስነቀሱ መፍትሔ ያፈላልጋሉ። ሥራው «የጓደኝነት አግዳሚ ወንበር» ተባለ። በ2016 የታተመው ሙከራ 24 ክሊኒኮችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ 573 ሰዎችን ተከታተለ። ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን አገልግሎት በተሻሻለ መልክ ካገኙት 50 በመቶ ያህሉ የድብርት ምልክቱ አልለቀቃቸውም ነበር፤ ከአያቶቹ ጋር ከተነጋገሩት ግን 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጸሐፊው የሚወዱት ቁጥር ይኸውና። ከሥሩ ግን አንድ ቃል አለ፤ ቃሉ የተገኘውም በማነጋገር ነው።

ሌላም ልጨምር። ካናዳ ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ከ2,000 በላይ ቤት አልባ ሰዎች ያሳተፈ ሙከራ አካሂዳለች። ሐሳቡ ቅድመ ሁኔታ ሳይደረደር መጀመሪያ ቤት ይሰጥ፣ ድጋፉ ይከተል የሚል ነው። በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች በቤት ውስጥ ያሳለፉት ጊዜ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ካገኙት በእጅጉ በለጠ። የሕመም ምልክት ግን በሁለቱም ወገን በተቀራራቢ መጠን ነው የቀነሰው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ቤቱ ለአእምሮ ምን ጠቀመ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ፕሮፌሰር የሆኑት ዴቦራ ፓጀት በዚያው ከተማ በተመሳሳይ ፕሮግራም ቤት ያገኙ ሰዎችን ቀደም ብለው አነጋግረው ነበር። ሰዎቹ የነገሯቸው ስለ ምልክት አልነበረም፤ በሩን ከውስጥ ስለመዝጋት፣ የሌላ ሰው ዓይን ሳያርፍባቸው ስለመዋል፣ ስለ ሕይወታቸው እንደገና ማሰብ ስለመቻል ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ከባድ ጥያቄ፣ አሁን ማን ልሁን የሚለውን ጥያቄ፣ የምልክት መለኪያ አይዘውም። እኔ ይህን ሳነብ ያቺ እናት ወንበሯ ላይ ሆና ነው የምትታየኝ።

አሁን ወደ ፍትሐዊነት ልምጣ፤ ጸሐፊው በጣም የተቆጡበት ነጥብ ይህ ነው። «ፍትሕ የፓርቲዎች ጉዳይ ነው፤ ተመራማሪ ገለልተኛ ይሁን» ይላሉ። በሽታን መሰየም ሁልጊዜ ገለልተኛ ነበር ብለው ካሰቡ ታሪኩ አይደግፋቸውም። በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ባሪያዎች ከጌቶቻቸው እንዲጠፉ የሚያደርግ «ድራፔቶማኒያ» የሚባል የአእምሮ በሽታ አገኘሁ ብሎ ጽፏል። ሰውየው ሐኪም ነበር፤ የሕክምና ቋንቋ ነበር የተጠቀመው። በሰንሰለት የታሰረውን ሰው «ለምን ሮጥክ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ፍትሐዊነት በእኛ ሥራ የሚለካ ነገር ነው። ማን ታመመ? ከታመሙት ማን ሕክምና አገኘ? ያገኙትስ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው ያገኙት? በ1958 አንድ የሶሲዮሎጂ ምሁርና አንድ የአእምሮ ሐኪም፣ ኦገስት ሆሊንግሼድና ፍሬድሪክ ሬድሊክ፣ በአሜሪካ የኒው ሄቨን ከተማን ታካሚዎች አጥንተው የደረሱበትን አሳተሙ። ባለጸጋው ቁጭ ብሎ የሚያነጋግረው ሐኪም ያገኛል፤ ድሃው የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጠዋል፣ አለበለዚያም ሆስፒታል ውስጥ ተዘግቶበት ይቀመጣል። ያን ልዩነት ሆስፒታሉ ብቻውን አያየውም፤ የከተማውን ነዋሪ በኑሮ ደረጃ ለይቶ የቆጠረ ሰው ነው ያየው። ይህ ፖለቲካ ከተባለ ወረርሽኝን በየሰፈሩ መቁጠርም ፖለቲካ ሊባል ነው።

ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ምንም ሕክምና አያገኙም። እንግዲህ ጸሐፊው «በክሊኒክ መዝገብ ላይ ብቻ እንመሥርት» ሲሉ ከአራት ሰው ሦስቱን ከጥናቱ እያወጡ ነው። መዝገቡ ላይ የሌለው ሰው ለምን እንደሌለ መዝገቡ አይነግረንም። የሚነግረን እሱ ያለበት ድረስ የሄደ ነው።

ይህ የሙያችን ጠባይ ደግሞ ትናንት የመጣ ፋሽን አይደለም። ጁሊያ ላትሮፕ ሐል ሃውስ በተባለው የቺካጎ የሰፈር ማዕከል ውስጥ ይኖሩ ነበር። በ1893 የኢሊኖይ ግዛት የበጎ አድራጎት ቦርድ አባል ሆነው ሲሾሙ ሪፖርት እስኪመጣላቸው አልጠበቁም። በግዛቱ 102 አውራጃዎች የነበሩትን የድሆች መጠለያዎች ራሳቸው እየዞሩ ጎበኙ። ያገኙት የአእምሮ ሕሙማን፣ አቅመ ደካማ አረጋውያንና ሕፃናት በአንድ ጣሪያ ሥር ታጉረው ነው። ለየፍላጎታቸው ተለይተው እንዲያዙ፣ የሚይዟቸውም ሰዎች የሠለጠኑ እንዲሆኑ ታገሉ። እኚህ ሴት በኋላ በቺካጎ የሶሻል ወርክ ትምህርትና ምርምር ቤት ከገነቡት አንዷ ናቸው፤ ያ ቤት በ1920 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። እንግዲህ የሶሻል ወርክ ጥናት ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባው ስለ ፍትሕ እየጠየቀ ነው።

«የሚጠኑትን ሰዎች አጥኚ ማድረግ» ስለሚሉት ነጥብ ብዙ አልልም። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲጠይቅ የሚደበቅ ነገር ይኖራል፤ የራሱ ቁስል ያለበት ሰው መልሱን ወደ ራሱ ታሪክ ሊስበው ይችላል። ለዚህ ነው ጠያቂውን ከሰፈሩ ውጭ የምንመድበው፤ አንዱን መልስ ሁለት ሰው ለየብቻው እንዲተረጉመው የምናደርገውም ለዚህ ነው። ጥቅሙን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በአንድ ጥናታችን «ሕክምናዎን አቋርጠው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ ነበረን። አብሮን የሚሠራ፣ ራሱም ለዓመታት የአእምሮ መድኃኒት የወሰደ ወጣት ወረቀቱን አይቶ፣ «ይህን ብትጠይቁኝ አላቋረጥኩም ነው የምላችሁ፤ ጥፋተኛ ያደርገኛላ» አለ። እሱ የጻፈው «መድኃኒቱን ሳይወስዱ የዋሉበት የመጨረሻው ቀን እንዴት ያለ ቀን ነበር?» የሚል ነው። ሰዎች ስለ ቀኑ ማውራት ጀመሩ። ክኒኑ ስለሚያንቀላፋቸው ሥራ ላይ እንዳይያዙ የተዉት እንዳሉ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ከነዲግሪዬ ያ ጥያቄ አልመጣልኝም ነበር።

አልጋን በተመለከተ ደግሞ፣ አጣዳፊ ሕመም የያዘው ሰው አልጋ ያስፈልገዋል፤ በዚህ አንጣላም። ነገር ግን መንግሥታት በአማካይ ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚያወጡት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከዚያችው ላይ ከ70 በመቶ በላይ የሚሄደው ለአእምሮ ሆስፒታሎች መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ጽፏል። ስለዚህ ገንዘቡን ከአልጋ የወሰደው ጥናት አይደለም። ጣሊያናዊው የአእምሮ ሐኪም ፍራንኮ ባሳሊያ በ1971 የትሪየስቴ ከተማን የአእምሮ ሆስፒታል ሲረከቡ ሥራውን ወደ ሰፈር ማዕከላት፣ ወደ ሥራ ማኅበራትና ወደ መኖሪያ ቤቶች አወጡት፤ ጣሊያን በ1978 በሕግ ቁጥር 180 አዲስ የአእምሮ ሆስፒታል እንዳይሠራ ከለከለች። በሌላ በኩል አሜሪካ ከ1963ቱ የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ሕግ በኋላ ሆስፒታሎቿን ስታራግፍ በምትካቸው ሊሠሩ ከታሰቡት ማዕከላት ብዙዎቹ ሳይሠሩ ቀሩ፤ ብዙ ሕሙማን ጎዳና ላይና እስር ቤት ተገኙ። ሰው ከአልጋው ሲነሳ የት እንደሚደርስ የሚከታተል ከሌለ አልጋ መጨመርም ሆነ መቀነስ በጭፍን ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው፣ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል የሚለው፣ እውነት ነው። አምነዋለሁ ያልኩት ይህን ነው። ዩኒቨርሲቲ ለታተመ ጽሑፍ ማዕረግ ይሰጣል፤ ለተመለሰ ውጤት አይሰጥም። ድሃ ሰፈሮች በጥናት ብዛት ተሰላችተዋል። መጠይቅ የያዘ ተማሪ ሲያዩ በር የሚዘጉ ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

እኔም ከበደሉት አንዷ ነኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ሰፈር ውስጥ ስለ እናቶች ድብርት ሁለት ዓመት አጠናሁ። ጽሑፉ ታተመ፤ የደረጃ ዕድገት አገኘሁበት። ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ በዚያው ሳልፍ ካነጋገርኳቸው ሴቶች አንዷ፣ አሁን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ መንገድ ላይ አወቁኝ። «ልጄ፣ ያኔ የጻፍሽው ነገር ምን ደረሰ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። መጽሔቱ እሳቸው በማያነቡት ቋንቋ፣ በማይከፍሉት ዋጋ ነበር የወጣው።

ከዚያ ወዲህ ከተማሪዎቼ ጋር የጥናት ዕቅድ ስናወጣ መጠይቁ ከመጻፉ በፊት ውጤቱ ለሰፈሩ የሚነገርበት ቀን ይጻፋል፤ ለዚያም በጀት ይያዛል። ቀኑ የሌለበትን ዕቅድ አልፈርምም። የቀድሞውን ጥናት ደግሞ በሁለት ገጽ፣ በቋንቋቸው አድርጌ ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳርፈው፣ «ይሄን እንዲህ አላልኩሽም» አሉኝ።

እስክሪብቶዬን አቀበልኳቸው።